በአስካለ ብስክሌት ላይ የገጠምኩት የመጀመሪያ ሞተር

የሱቄን ቁልፍ ለአዲሱ ተረካቢ ከሰጠሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። ተረካቢው ጎበዝ ሰው ነው። ብስክሌት ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያነሣው የብሎን መፍቻ ሳይሆን ገመድ ነው፤ ገመዱን ከባትሪው ጋር አገናኝቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያፈጥ በሽታው ተጽፎ ይወጣለታል። ቁልፉን በተረካከብን ቀን፣ ጨዋታ ለመጀመር ያህል፣ «አንተ የመጀመሪያውን ሞተር የገጠምከው መቼ ነበር?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን «ቆየ» ብዬ ወሬ ለወጥኩ። ቤቴ ገብቼም አልለቀቀኝም። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ ስላለው፣ ሲሸሸው የኖረው ነገር ሁሉ ተራ እየጠበቀ ይመጣበታል። ለእሱ ያልመለስኩለትን እዚህ ልጻፈው።

እኔ በተፈጥሮዬ ስጉ ነኝ። ባለቤቴ «በነገ ዝናብ ዛሬ የሚረጥብ» ትለኛለች። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ፤ ባቡር ለመሳፈር ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እቆማለሁ። ብስክሌት ለሚጠግን ሰው ይህ ጠባይ መጥፎ አይደለም። ሰው በሠራኸው ነገር ላይ ተቀምጦ በመኪናና በትራም መካከል ይሄዳልና፣ ትንሽ ስጋት ቢኖርህ ይሻላል። ስጋቴ ጥሎኝ የሄደው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያው እሱ ቀን ነው ጉድ የሠራኝ።

ሥራውን የጀመርኩት ባሕር ዳር፣ ብስክሌት በሰዓት ከሚያከራይ አንድ ዘመዴ ዘንድ ነበር። ሆላንድ ስደተኛ ሆኜ ስመጣ መጀመሪያ ያገኘሁት እንጀራ አምስተርዳም ውስጥ የብስክሌት ማቆሚያ ጥበቃ ነው። ማቆሚያው ምድር ቤት ነው፤ ፀሐይ የምናየው ለምሳ ስንወጣ ነበር። አለቃዬ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስሜን አስተካክሎ ያልጠራ፣ ስታመም ግን አበባ ይዞ ቤቴ ድረስ የመጣ ሰው ነበር። ስለ ደመወዙ ብዙ የሚባል የለም፤ ከወር ወር ያደርስ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰው ትቶት የሄደውን የላላ ሰንሰለት አጠብቃለሁ፣ የጎበጠ ጎማ አቃናለሁ። ይህን ያየ አንድ ደንበኛ ነው ዴን ሃግ ከተማ ወደ ኬስ የብስክሌት ጥገና ቤት የላከኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቆየሁ።

ኬስ በዚያን ጊዜ ስልሳ ያለፋቸው ረጅም ሰው ነበሩ። እንደ አገሩ ልማድ «አንተ በለኝ» ብለውኝ በአፌ አንተ እላቸዋለሁ፣ በልቤ ግን እርስዎ ነበሩ፤ አሁንም ስጽፍ ሌላ አይመጣልኝም። የሰው ብስክሌት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። እኛ ሥራ ስንጨርስ የምንታጠበውን እሳቸው ሲጀምሩ ነው። የፈቱትን ብሎንና ዳዶ ሁሉ ጋዜጣ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በአፈታቱ ቅደም ተከተል ይደረድራሉ፤ ሲገጥሙ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። አንድ ሮንዴላ ከተረፈ ሥራው ሁሉ ተፈትቶ እንደገና ይጀመራል። «ትርፍ ነው» ብዬ ኪሴ ልክተት ስል እጄን ይዘው ያስቆሙኝ ቀን አይረሳኝም።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን አጠያየቃቸው ነው። ደንበኛ ሲመጣ «ደህና ነው ወይ?» ብለው አያውቁም። «ምን ድምፅ አለው? የት የት ትነጂዋለሽ? ምን ትጭኚበታለሽ?» ነው። አንዲት ሴት «ደህና ነው፣ ምንም አይል» ስትላቸው፣ «ደህና መሆኑን እኔ ነኝ የምነግርሽ፤ አንቺ የምትሰሚውን ንገሪኝ» አሏት። እንዲህ ያለ ክፉ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም ብዬ ነበር። ጎማ የገጠሙለትን ሰው ስም ደግሞ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። አዲስ የታሰረ ነገር ትንሽ ከተነዳ በኋላ ይረግባል፤ ስለዚህ ሰውየው በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሶ ዳዶው እስኪጠብቅለት ስሙ አይጠፋም። ያልመጣ ካለ መፍቻውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው፣ ትራም ተሳፍረው ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ጥገና ቤቱ ተዘጋ። እኔም ባለቤቴ ሮተርዳም ሥራ ስላገኘች ወደ ከተማዋ ደቡብ፣ ወደ ዙይድ ተሻገርን። ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር ውስጥ በፀጉር ቤትና በስልክ ጠጋኝ መካከል ያለች አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ፣ ስሜን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። የአገሬ ሰው ሁሉ ደንበኛዬ ሆነ። አስካለም የመጣችው እንደዚያ ነው።

አስካለ የአንድ ሴት ልጅ እናት ናት። ታውስዞርግ ትሠራለች፤ ቤት ለቤት እየዞረች አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። ባለቤቴ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ተኝታ በነበረ ጊዜ፣ ይህች ሴት ከሥራዋ ስትወጣ ወር ሙሉ እኛ ቤት እየመጣች አጥባታለች። «ደክሞሻል፣ ቅሪ» ብንላት «እጄ ለምዶታል» ነበር መልሷ። ከዚያ ወዲህ አስካለ የምትጠይቀኝን ነገር እንቢ ማለት የምችል ሰው አልነበርኩም።

አንድ ኅዳር ውስጥ ትልቅ ካርቶን በብስክሌቷ ጭና፣ ራሷ በእግሯ እየገፋች መጣች። ጀርመን ያለው ወንድሟ የላከላት ሞተር ነው። ጉልበቷ ካመማት ቆይቷል፤ ነፋስ ሲነሣ ወንዙ ዳር ያለውን መንገድ መግፋት አቅቷት፣ ሁለት ቀን ሰዎቿ ዘንድ አርፍዳ ደርሳለች። ቤቶቹ የተራራቁ ናቸው፤ በትራም አይሆንም። የቡድን መሪዋም «በብስክሌት መድረስ ካቃተሽ ሌላ ቦታ እንፈልግልሻለን» ብላታለች።

«ዘጠኝ ዓመት ያጠብኳትን ሴትዮ ለሌላ ሊሰጡብኝ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም እንዲያጥባት እሺ አትልም» አለችኝ። «ጋሽ ታደለ፣ እርስዎ ካልገጠሙልኝ ማን ይገጥምልኛል?»

እውነቱ፣ እኔ ሞተር ገጥሜ አላውቅም። ተገጥሞ የመጣ ነው የማውቀው። «አልሞከርኩትም፣ የሚያውቅ ሰው ጋ እንውሰደው» ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። «ቀላል ነው፣ ተይው» አልኳት።

ካርቶኑን ስከፍት የፊት ጎማው ሙሉ አለ፤ ሞተሩ መሐሉ ላይ፣ ድስት ክዳን አክሎ። ባትሪ፣ መቆጣጠሪያ ሣጥን፣ እንደ አንጀት የተጠቀለለ ገመድ፣ የፍሬን እጀታ፣ ፔዳሉ አጠገብ የሚገባ መግነጢስ ያለው ቀለበት፣ አንድ ትንሽ ከረጢት ብረታ ብረት። መመሪያው ፊደሉ እንደ ጉንዳን የደቀቀ ነበር። እጄን ታጠብኩ፣ ጋዜጣ ዘረጋሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ጣጣ ዘንጉ ነው። የሞተር ዘንግ እንደ ተራ ጎማ ዘንግ ክብ አይደለም፤ በሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ጎማው ሲዞር እሱ፣ ጎማውን በሁለት እግሩ በሚይዘው የፊት ሹካ ውስጥ ተወጥሮ እንዲቆም። ለአስካለ ሹካ ወፍሮ አልገባ አለ። ሞረድ አነሣሁ። አንድ ጊዜ ከሞረድከው የማይመለስ ነገር ነውና ሦስት ጊዜ እየለካሁ አንድ ጊዜ እየፋቅኩ፣ ላቤ አፍንጫዬ ላይ እየተንጠባጠበ አስገባሁት። ባትሪውን ከኋላ መጫኛው ላይ አሰርኩ። ገመዱን በየአንድ ስንዝሩ ቋጠርኩ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥቼ፣ ፔዳሉን በእጄ ሳዞረው ሞተሩ እንደ ንብ እምም ብሎ ሲነሣ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በስልሳ አራት ዓመቴ አዲስ ነገር ቻልኩ።

የቀረችው ከረጢቷ ውስጥ ያለችው አንዲት ብረት ነበረች። የአንድ ጣት ርዝመት ያላት ክንድ ናት፤ አንዱ ጫፏ ዘንጉን ቀፍድዶ ይይዛል፣ ሌላው ጫፏ በቀለበት ሹካው እግር ላይ ይታሰራል። ሞተሩ ሲገፋ ዘንጉ ራሱ እንዳይዞር የምትከለክል እሷ ናት። ቀለበቱ ለአስካለ ብስክሌት ጠበበ፤ አሮጌ የሆላንድ ብስክሌት እግሩ ወፍራም ነው። ሰፊ ቀለበት መሥራት ነበረብኝ። ጊዜው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ በማግሥቱ እሑድ ኅዳር ሚካኤል የሚከበርበት ነው፣ አስካለ ሰኞ በአዲሱ ሞተር ሥራ ትገባለች። ዳዶዎቹን ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅኩና ክንዷን ጋዜጣው ላይ ተውኳት። «ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ብቅ በይ» አልኳት። «አንዲት ብረት ቀርታለች፣ ዳዶውንም ደግሜ አጠብቀዋለሁ።» ደብተሬም ላይ «አስካለ፣ ሰኞ» ብዬ ጻፍኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አባባል የማላውቅ ሰው አልነበርኩም።

ያን ሌሊት በየሰዓቱ ነቃሁ። እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ በር ላይ ሲሳሳም፣ ዓይኔ አስካለን ፈለጋት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፈገግ ብላ መጣች።

«እንኳን አደረሰሽ፤ ሞተሩ እንዴት ነው?» አልኳት።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ተመስገን ጋሽ ታደለ፣ ደህና ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንደ ወፍ ነው የሚበረው።»

ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ደስታዬ ቸር አደረገኝና አንድ ነገር ጨመርኩ፤ «እንግዲያው ሰኞ አትጣደፊ፣ ሥራሽ እንዳይረፍድብሽ። በሳምንቱ ውስጥ ሲመችሽ ብቅ በይ።»

እንግዲህ ጥፋቱ ይህ ነው። የሞያ ጥያቄ መጠየቅ ሲገባኝ ሰላምታ ጠየቅኩ፤ እሷም ለሰላምታ የሚመለሰውን መለሰች። እኛ መንደር የታመመ ሰው እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲባል መጀመሪያ ተመስገን ይላል፣ ሕመሙን የሚናገረው ሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ነው። ይህን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ ኬስ ጎን ቆሜ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ተመስገን መስማት ስለፈለግሁ ሁለቱንም ረሳሁ።

ረቡዕ ስልኬ ጮኸ። ሳራ ናት፣ የአስካለ ልጅ። እዚህ ያደገች ናት፣ ለትልቅ ለትንሹ አንተ ነው የምትለው።

«ታደለ፣ ማማ ወድቃለች። ዚከንሃውስ ነን፣ እጇ ተሰብሯል። ልትመጣ ትችላለህ?»

ሆስፒታል እንዴት እንደ ደረስኩ አላውቅም። አስካለ የግራ እጇ ተጠቅልሎ፣ ጉንጯ ተልጦ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ገና ስታየኝ «ምን አስቸኮለዎት፣ ሱቅዎን ዘግተው» አለች። «ወንዙ ዳር ያለውን ግድብ፣ ዳይኩን ስወርድ አዳለጠኝ፣ ቅጠሉ ረጥቦ ነበር። የራሴ ቅሌት ነው።»

«ጎማው ለብቻው ነበር የተኛው» አለች ሳራ፣ እኔን እያየች። «ከብስክሌቱ ወጥቶ። እንደዚህ መሆኑ ኖርማል ነው?»

«ተይ እንጂ፣ ስወድቅ ነው የወጣው» አለቻት እናቷ።

እኔ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አልኩ።

ብስክሌቱን ካስቀመጡበት ወስጄ ሱቄ አስገባሁና በሩን ቆለፍኩ። ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዘንጉ ሹካው ውስጥ ዞሯል። የሞረድኩት ቦታ እንደ ተከፈተ አፍ ሰፍቷል፣ ገመዱ ተጠምዝዞ ተበጥሷል። አዳልጧት የወደቀ ብስክሌት እንዲህ አይሆንም። በእያንዳንዱ መነሣትና መቆም ዳዶው ትንሽ ትንሽ ሲላላ፣ ዘንጉ ወዲህ ወዲያ ሲል ሰንብቶ፣ ሞተሩ ሲገፋ ዞሮ ወጣ። ክንዷ ያለችበትን ጋዜጣ አጠፍኩት። የተበላሸውን ሹካ ፈትቼ በጆንያ ጠቅልዬ ከጠረጴዛው ሥር ከተትኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንደኖርኳቸው ለማንም አልመኝም። ባለቤቴ የምትሠራውን ወጥ እየያዝኩ አስካለ ቤት እሄዳለሁ፣ ለመናገር አፌን ከፍቼ ስለ አየሩ አወራለሁ። የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር ፖሊስ ነው እላለሁ። ፈቃዴ፣ የሱቁ ዋስትና፣ በአገሬ ሰው ዘንድ ያለኝ ስም፣ ሁሉም በየተራ እየመጣ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። የሌላውን ሰው የፊት ጎማ አንድ በአንድ አምስት ጊዜ አጠብቃለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

በአምስተኛው ሳምንት ስሄድ አስካለ ሻይ አቅርባልኝ፣ «የቡድን መሪዋ መጥታ ነበር» አለች። «እጄ ሲድን ወደ ብስክሌቱ ሥራ አልመለስም። አንድ ሕንፃ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሊያደርጉኝ ነው።»

«ሴትዮዋስ? ዘጠኝ ዓመት ያጠብሻት?»

«ለሌላ ሰጧት። አልታጠብም ብላ ታለቅሳለች አሉ።» ጽዋዋን አዞረችው። «እውነታቸውን ነው ጋሽ ታደለ። ሰው ደረቅ መንገድ ላይ ከወደቀ አርጅቷል ማለት ነው። እኔ ሳላውቀው አርጅቻለሁ።»

ሆስፒታል ቅጠሉ ረጥቦ ነበር ብላኝ ነበር። ለእኔ ሐፍረት ሽፋን ፈልጋ ሳይሆን፣ የወደቀችበት ምክንያት ጠፍቷት ኖሯል። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

በማግሥቱ ሹካውን በጆንያው እንዳለ ይዤ ዴን ሃግ ሄድኩ። ባቡር ውስጥ ጭኔ ላይ አቀፍኩት፤ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ያወቀ ይመስለኝ ነበር። ኬስ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ከቤታቸው ብዙ አይወጡም። ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ፈታሁላቸው። መነጽር አላደረጉም፤ የሰፋውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ክንዱስ?»

«አልገጠምኩትም። ለሰኞ ብዬ ተውኩት።»

«ምን ድምፅ ነበረው?»

«ጠይቄያት ነበር። ደህና ነው አለችኝ።»

«እሱ ድምፅ አይደለም» አሉ።

እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢቆጡኝ ቅጣቴን ተቀብዬ የምወጣ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ሹካውን መልሰው በጆንያው ጠቀለሉት፣ ጫፉን አጥፈው ወደ እኔ ገፉት።

«ይህን ለምን ለእኔ አመጣኸው ታደለ? የወደቅሁት እኔ አይደለሁም።»

ከሮተርዳም ጣቢያ በቀጥታ አስካለ ቤት ሄድኩ። ሳራም ነበረች። ሹካውን ምንጣፉ ላይ አኑሬ ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ክንዷን እንዳልገጠምኩ፣ ሞተር ስገጥም የመጀመሪያዬ እንደነበረ፣ ሆስፒታል በነበረች ቀን ማታውኑ እንዳወቅሁ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ዝም እንዳልኩ።

አስካለ መጀመሪያ «እግዜር ያመጣው ነው፣ ይተውት» አለች።

«እግዜር አይደለም። እኔ ነኝ።»

ወደ ሹካው ጎንበስ አለች። «ጠቅ ጠቅ ይል ነበር» አለች። «ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ። ስነሣ ጠቅ፣ ስቆም ጠቅ።»

«እሑድ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሚካኤል ቀን? ደጀ ሰላም ቆመን፣ ሁለት ቀን ለፍተውልኝ፣ ሥራዎ ይንቋቋል ልበልዎት? ሞተር ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ነዋ።»

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። አስካለን ስትቆጣ አይቻት አላውቅም ነበር። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እጄስ ይሁን፣ አጥንት ይገጥማል» አለች። «ግን አምስት ሳምንት እዚህ ሲቀመጡ፣ አርጅቻለሁ ስልዎት ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ሻዬን እየጠጡ ሰሙኝ ጋሽ ታደለ።»

አለቀስኩ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም። ሳራ ተነሥታ ውኃ ሰጠችኝ። ከዚያ በዚያ በቀጥተኛ አነጋገሯ፣ «ይቅርታ ጥሩ ነው፣ ግን ይቅርታ ለማማ ሥራዋን አይመልስላትም» አለች። «እዚያ ቢሮ ሄደህ ይህንኑ ንገራቸው።»

ሄድን፣ ሦስታችን። የቡድን መሪዋ ሥራ የበዛባት፣ ሰዓቷን የምታይ ሴት ነበረች። ሳራ ላስተርጉምልህ ስትለኝ እንቢ አልኩ፤ ይህን በሰው አፍ መናገር አልፈለግሁም። በተሰባበረ ሆላንድኛዬ፣ ሹካውን ጠረጴዛዋ ላይ አድርጌ፣ አስካለ እንዳልወደቀች፣ እኔ እንደጣልኳት ተናገርኩ። ሴትዮዋ ሰዓቷን ማየት ተወች። «ይህን በጽሑፍ ትፈርምልኛለህ?» አለች። ፈረምኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ብስክሌቱ ተስተካክሎ፣ ከእኔ በሌላ ሠራተኛ ተፈትሾ ማረጋገጫ ይምጣ፣ ያን ጊዜ አስካለ ወደ ሰዎቿ ትመለሳለች። የሱቁ ዋስትና ወረቀት ደግሞ ወራት ፈጀ፤ ስለ እሱ ማውራት አልፈልግም።

አስካለን፣ «ሌላ ሰው ይግጠምልሽ፣ እኔ እወስድልሻለሁ» አልኳት።

«አይሆንም። ያበላሸው ያቅናው» አለችኝ፤ አልሳቀችም።

አዲስ የብረት ሹካ አስመጣሁ፣ ሞረድ የማይነካው፣ ልኩ የሆነ። ክንዶቹን በአንድ ጎን ሳይሆን በሁለቱም አሰርኩ፤ ቀለበቶቹን ራሴ ቆርጬ፣ ጠርዛቸውን አለስልሼ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ረግጣ ማቆም ስለለመደች፣ የእጅ ፍሬኑን ስትነካ ሞተሩ ወዲያው እንዲጠፋ አድርጌ፣ እጀታውን ለደከመው የግራ እጇ አቀረብኩላት። ከዚያ ራሴ ነዳሁት። ነፋሱ ፊቴን እየገረፈኝ ዳይኩን ስድስት ጊዜ ወጥቼ ስድስት ጊዜ ወረድኩ፤ ተመልሼ አጠበቅኩ፤ በማግሥቱ ደግሜ ነድቼ ደግሜ አጠበቅኩ። ሁለተኛ ቀን መፍቻው አንድ ፀጉር ያህል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

የሚፈትሽልኝን ሱቅ ያገኘሁት ወንዙን ተሻግሬ ነው። ሠራተኛው ልጄ የሚሆን ሰው ነው። ጎማውን ነቀነቀ፣ ዳዶውን ሞከረ፣ ጎንበስ ብሎ ቆየ። አንድ ጥፋት አገኘብኝ፤ መሪው ሲዞር ገመዱ ሹካውን እየታከከ ነው። እውነቱን ነው። አፍሬ ሳይሆን ደስ ብሎኝ እዚያው ፈታሁት። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሰው ስህተቴን ሲያገኝልኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

አስካለ የመጣችው የካቲት ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። የሥራ ልብሷን ለብሳለች። ብስክሌቱን በር ላይ አቁሜላት መሪውን ያዘች፣ አልወጣችም።

«እግሬ እንቢ አለኝ» አለች።

«አልገፋፋሽም። ካልሆነልሽ ለቢሮው ደውዬ ሌላ ቀን እላቸዋለሁ።»

«ሴትዮዋ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትጠብቀኛለች» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለብስክሌቱ የምትናገር ይመስል። ከዚያ ወጣች። መጀመሪያ ተንገዳገደች፣ እኔም አብሬያት ሁለት እርምጃ ሮጥኩ። ከዚያ ቀጥ አለችና መንገዱ ጥግ ላይ ታጠፈች።

ስትደርስ እንድትደውልልኝ ነግሬያት ነበር። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ሃያ ደቂቃ ሆነ። ሠላሳ ሆነ። አንድ ደንበኛ ገብቶ ስለ ጎማ ጠየቀኝ፣ «ነገ» ብዬ መለስኩት። አርባ ደቂቃ ሲሆን ኮቴን ለብሼ፣ መፍቻዬን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። በሐሳቤ ዳይኩን አየሁት፣ ለብቻው የተኛውን ጎማ አየሁት። ሃምሳ ሲሆን አልቻልኩም፣ ራሴ ደወልኩ። ብዙ ጮኸ። ሊዘጋ ሲል ተነሣ።

«አቤት ጋሽ ታደለ።» ከጀርባዋ ውኃ ይፈስሳል። አንዲት አሮጊት በሆላንድኛ ማን ነው የደወለው ትላለች፣ ቆጣ ብላ።

«ደረስሽ ወይ?»

«ከደረስኩ ቆየሁ እኮ፣ ረስቼዎት ነው። ልብሷን አውልቄላት በርዷታል» አለች። «በሉ ይዝጉት፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

እኔ ከመዝጋቴ በፊት ራሷ ዘጋችው።